የእትዬ ኦን ጂ አንድ መብራት

እትዬ ኦን ጂ ፎቶ ስቱዲዮዋ ውስጥ ያላት መብራት አንድ ብቻ ነው። ከፊት ለፊት ከፍ አድርጋ ትሰቅለዋለች፣ ብርሃኑን ወደ ፊት እንዲመልስ ነጭ ቀለም የተቀባ የሻይ ትሪ ፎቶ የምትነሳዋ ሴት ጭን ላይ ታስቀምጣለች፣ አለቀ። ትሪው ከእኔ ሻይ ቤት የተወሰደ ነው፤ እስካሁን አልመለሰችውም። አዳዲሶቹ ስቱዲዮዎች በአራት በአምስት መብራት እንደሚያነሱ ስነግራት፣ «ሰማይ ላይ ስንት ፀሐይ አየህ?» አለችኝ። ምላሷ አይጣል ነው። ግን ከዚያ መብራት ስር ሳታምር የወጣች ሴት በሞላምያይን ከተማ የለችም።

አንድ ቀን ጨርቅ ነጋዴዋ ታን ዬ ልጇን ኑዌ ዪንን እየጎተተች መጣች። ታን ዬ ባሏ የሞተባት፣ ገና አርባዎቹን የጀመረች ሴት ናት። ፓአን ከተማ ውስጥ የሩዝ ወፍጮ ያለው አንድ ሚስቱ የሞተችበት ጎልማሳ ሰው ሚስት እንደሚፈልግ ሰምታ፣ የልጇን ፎቶ ልትልክለት ነው። ልጅቷ ግን የምትፈልገው ራንጉን ሄዳ ነርስነት መማር ነበር።

እናትየው በር ላይ ከደንበኛ ጋር ወሬ ስትይዝ፣ እኔም ሻይ ሳቀርብ፣ ኑዌ ዪን ሹክ አለች።

«እትዬ፣ በሞቴ፣ አስቀያሚ አድርገው ያንሱኝ። ሰውየው አይቶ ይሽሽ።»

«በዚህ መብራት? መብራቱን ብሰብረው ይሻለኛል።»

«እንግዲያው ለሽማግሌው ይዳሩኛ።»

«ነገር አታብዢ፣ ዝም ብለሽ ተቀመጪ።»

ከዚያ እትዬ ኦን ጂ ድምጿን ከፍ አደረገች። «ታን ዬ፣ ነይ እስቲ። መብራት መጀመሪያ የሚሞከረው በእናት ፊት ላይ ነው። ያንን ታናካ ታጠቢና እዚህ ተቀመጪ።»

እንዲህ ያለ ወግ የለም። ስንት ዘመን ጎረቤቷ ስሆን ሰምቼ አላውቅም። ሳቄን ለመደበቅ ወደ ግድግዳው ዞርኩ።

ታን ዬ ባሏ ከሞተ ጀምሮ ታናካውን፣ ያንን ቢጫ የእንጨት ልጣጭ ቅባት፣ በቀን ብርሃን ከፊቷ ላይ አጥባ አታውቅም። «እኔን አሮጊቷን ምን ያደርጉኛል» እያለች ታጠበች። እትዬ ኦን ጂ አገጯን በጣቷ ቀና አደረገችላት።

«ባልሽ በሠርጋችሁ ቀን ተንሸራቶ ወንዝ ውስጥ ሲወድቅ የሳቅሽውን አስቢ።»

ታን ዬ ሳቋ ሊያመልጣት ሲል ካሜራው ቀጭ አለ። ቀጥሎ ልጅቷ ፎቶ ተነሳች። እናትየው «ፎቶዋ ሲደርቅ በቀጥታ ለሰውየው ይላኩለት» ብላ ወደ ገበያዋ ሄደች።

የተላከው የእናትየው ፎቶ ነው። እትዬ ኦን ጂን «የልጅቷስ የት ገባ?» ስላት፣ «አንተ ሻይህን አፍላ» አለችኝ።

ጥቂት ቀን ቆይቶ ታን ዬ ፎቶውን ጨብጣ እንደ በርበሬ ቀልታ ገባች።

«አዋረዱኝ፣ እትዬ ኦን ጂ። ልጄን አሳምሬ አስቀምጬለት፣ ሰውየው ፎቶውን አውጥቶ ‹እኔ የመጣሁት ለዚችኛዋ ነው› አለኝ።»

«አሁን የት አለ?»

«ቤት ነው። አንድ ቅርጫት ማንጎ ይዞ መጥቷል።»

ይህን ስትል ቁጣዋ በረደ። ወንበሩ ላይ ተቀምጣ ፎቶውን አየችው። «ባሌ ከሞተ ወዲህ ማንም አይቶኝ አያውቅም» ብላ አለቀሰች። እትዬ ኦን ጂ፣ ያቺ ምላሰኛ፣ ነጩን ትሪ አንስታ በቀሚሷ ጠርዝ መወልወል ጀመረች።

«ታዲያ ምን አልሽው?» አልኳት እኔ።

«ጠብቀኝ አልኩት። መጀመሪያ ልጄን ራንጉን የነርስ ትምህርት ቤት አድርሼ ልምጣ።»