በፋሲካ ውሃ የታጠበው ማሽን

ፊሌሞን ቬዬ ባለፈው መኸር እንጨት አልፈለጠም። ለምን ይፍለጥ? ማሽን ገዝቷል! በእኛ አገር በቦስ ኮረብታዎች ሜፕል ከተባለው ዛፍ ጣፋጭ ውሃ የሚያልብ ሁሉ በረዶ ሳይጥል ፍልጡን ይከምራል፤ የዛፉ ውሃ ቀጭን ነውና ፈልቶ ሽሮፕ እስኪሆን ጫካ ሙሉ እንጨት ይበላል። ማሽኑ ግን ውሃውን በግፊት በስስ ወንፊት ያሳልፈዋል፤ ንጹሑ በአንድ ቱቦ ይወጣል፣ ስኳሩ ወፍሮ ይቀራል፣ ለቀሪው ትንሽ እሳት ይበቃል። የእድገት ሰባኪዎች መቼም ከመጥረቢያ ጋር አይዋደዱም።

ሚስቱ አልፎንሲን ግን ቃል አስገብታዋለች፦ ዘንድሮም ምርቱ ካልቀና ጫካው ለወንድሟ ለጎድያስ ይሸጣል። ጎድያስ ሜፕልን የሚያውቀው በመጋዝ ነው።

ብርዱ አልለቅ ብሎ ከረመና፣ በፋሲካ ማግስት ዛፎቹ ባንዴ ፈሰሱ። ታንኩ እስከ አፉ ሞላ። እምቡጡም ማበጥ ጀምሯል፤ ከፈነዳ ሽሮፑ ያልታጠበ ካልሲ ይሸታል። የዓመቱ ምርት ያው የዚያን ዕለቱ ብቻ ነው። ማሽኑ ያን ዕለት አቃሰተ፤ ወንፊቱ ተደፈነ። የሚታጠበው ራሱ ባወጣው ንጹሕ ውሃ እንደሆነ ሻጩ ነግሮታል። ፊሌሞን ግን ያንን ውሃ ጠዋቱን ሙሉ ወደ ቦይ ለቆታል፤ ጣዕም የሌለው ውሃ ምን ይረባል ብሎ!

“ከጉድጓዱ ቅዳና እጠበው” አለችው አልፎንሲን።

“የጉድጓዱ ዝገት አለበት፣ ወንፊቱን ይገድለዋል።”

“እንግዲያው የፋሲካው አለ።”

በእኛ አገር እምነት፣ በፋሲካ ጎህ ሳይቀድ በዝምታ ከወንዝ የተቀዳ ውሃ አይበላሽም፣ ዓይን ያድናል፣ መብረቅ ይመልሳል። አልፎንሲን በሁለት የወተት ጋን ቀድታ አስቀምጣለች።

“ይሄ ማሽን ነው እንጂ የታመመች ላም አይደለም፣ ሴትዮ!”

“ላሚቱንስ ያዳናት ማን ነው፣ አንተ? ዓመት ሙሉ የማይሸት ውሃ ንጹሕ ካልሆነ፣ ምን ንጹሕ ነው?”

ሻጩን አምኖ እንጨት ያልፈለጠ ሰው፣ ወንዙን አምኖ ወንፊቱን አጠበ። አምላክ ቀየረ እንጂ አማኝነቱን አልተወም። በረዶ በሚቀልጥበት ወራት ወንዛችን ደለል ነው፤ የግፊቱ መርፌ ወደ ቀዩ ተወረወረ፣ ማሽኑ ፉጨት አሰማና ዝም አለ።

ፊሌሞን ቀጭኑን ውሃ እንዳለ ሰፊው የማፍያ ድስት ውስጥ ገለበጠና የቀረችውን ጭራሮ አነደደ። ስታልቅ አግዳሚ ወንበሮቹን፣ ቀጥሎ የማብሰያ ቤቱን በር ማገደ። ጎድያስ እጁን ኪሱ ከቶ ብቅ አለ።

“አማቼ፣ ጣሪያውን ለእራት አቆየኸው?”

“ዝም በል አንተ! እንጨት አምጣልን” አለች እህቱ።

“እንጨት? ያው ቆሟልሳ! ማን ከለከላችሁ?” ወደ ጫካው ጠቆመ።

ቀልዱ ነበር። ፊሌሞን ግን መጥረቢያውን ይዞ ወጣ። ለማየት የተሰበሰብን ጎረቤቶች ስንጮህበት አልሰማም። ትልቁን ሜፕል ጥሎ፣ ቅርንጫፉን ከትክቶ እሳቱ ውስጥ ዶለው። እርጥብ ሜፕል ይነድ ይመስል! ከተቆረጠው ጫፍ ውሃው አረፋ እየደፈቀ ወጣ፣ በፍሙ ላይ ተንጠባጠበ፣ እሳቱንም አጠፋው። በታንኩ ያለው የዛፍ ውሃም እየተበላሸ መደፍረስ ጀምሮ ነበር።

“ተው፣ ሽማግሌዬ፣ በቃ” አለችው አልፎንሲን፤ ቃል ያስገባችው እሷ እያለቀሰች።

ፊሌሞን ተንበርክኮ አመዱን እፍ ማለቱን አላቆመም። ጎድያስ በውጭ የወደቀውን ግንድ በጫማው መታ መታ አደረገና፣ “ጥሩ ጣውላ ይወጣዋል” አለ።