ስፖኪዮው የመለሰው ብርሃን

ባለፈው እሑድ የወንድሜ ልጅ አዲሱን ሞተሩን ግቢያችን አቁሞ፣ እንደ ጎረምሳ ሁሉ ስፖኪዮው ላይ ጎንበስ ብሎ ፀጉሩን ማበጠር ጀመረ። ሳላስበው ተንደርድሬ መስታወቱን በመዳፌ ሸፈንኩት።

«አክስቴ፣ ምን ሆንሽ?» አለኝ ደንግጦ። ምን ብዬ ልንገረው!

እዚሁ ዲላ ፊዚክስ ስንማር የመመረቂያ ሥራዬን የሠራሁት ከዳንኤል ጋር ነበር። እኔ የከተማ ባለሱቅ ልጅ ነኝ፤ እሱ የገጠሯ ኢዲዶ ልጅ፣ ለእናቱ አንድ፣ ጴንጤ፣ ሳቂታ። ሥራችን ሲያወሩት ቀላል ነው። የአንዲት ትንሽ ሌዘር ብርሃን በመስታወት ወደ ራሷ ይመለሳል፤ የገዛ ብርሃኗ ተመልሶ ሲገባባት በመረጋጋት ፈንታ አቅሏን ትስታለች። ላብራቶሪው ለዚህ የሚሆን መስታወት ስላልነበረው ዳንኤል የአጎቱን ሞተር ስፖኪዮ ፈትቶ አመጣ። አይ ብልሃት!

የሰኔ ዝናብ ቆርቆሮውን ይደበድባል። እናቱ የላኩለትን ዋሳ፣ እኛ ቤት ቆጮ የምንለውን፣ በጎመን በልተን ሥራ ጀመርን። የብርሃኗን ኃይል በሚያሳየው ስክሪን ላይ ቀጥ ብሎ የቆየው መስመር ድንገት ተናወጠ። ይወድቃል፣ ይነሣል፣ ደግሞ ባላሰብነው ሰዓት ይወድቃል፤ መላ ቅጡ ጠፋ።

«መጣልን!» ብዬ አጨበጨብኩ።

የኢዲዶ ኮረኮንች የስፖኪዮውን አንገት አላልቶት ኖሮ መዝመም ጀምሯል። ዳንኤል ሊያቃናው ጎንበስ አለ። ልማድ ክፉ ነው፤ በዚያው ፊቱን ሊያይበት ሲጠጋ ቀዩ ጨረር ዓይኑ ውስጥ ገባ።

«ውይ!» አንድ ዓይኑን ይዞ ወለሉ ላይ ቁጭ አለ። ሌዘሯን አጥፍቼ መዳፌን ደህናው ዓይኑ ላይ ጫንኩ።

«ታየኛለህ?»

«መሀሉ ጠቁሯል። ፊትሽ የለም።»

እመብርሃን! «እናቴን ምን እላታለሁ?» ሲል አለቀስኩ፤ እኔ ሳለቅስ እሱ ባሰበት፤ እሱ ሲንቀጠቀጥ እኔ ጮህኩ። የገዛ ፍርሃታችን እየተመለሰ ሲንጠን የሌዘሯ ነገር በደንብ ገባኝ።

በባጃጅ ሆስፒታል አደረስኩት። ወረፋው ረጅም ነበር። አግዳሚው ላይ ተቀምጬ «ገብርኤል፣ ዓይኑን ብታተርፍለት ጃንጥላ አስገባለሁ» አልኩ። ለካ ጮክ ብዬ ኖሯል።

«ለጴንጤ ስለት?» አለ ዳንኤል። ከንፈሩ ደርቋል፤ ግን ሳቀ።

«ዝም በል አንተ!»

ደህናውን ዓይኑን እየሸፈንኩ «አሁንስ?» እላለሁ። «የለሽም» ይለኛል። እንደገና «አሁንስ?» እላለሁ። «የለሽም።» በዕድሜዬ እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም።

ወደ ሐኪሙ ከመግባታችን በፊት «አፍንጫሽ መጣ» አለኝ።

ሐኪሙም አይቶ ቃጠሎ የለም፣ ይጠራል አለን። ጠራም።

ጃንጥላውን ባስገባሁ ቀን ዳንኤል ተሸክሞልኝ መጣ። መንገድ ላይ ዝናቡ ወረደብን። «ዘርጋው እንጂ!» ስለው «የስለት ነው» ብሎ እንደታጠፈ ደረቱ ላይ አቅፎ በሰበሰ። እሱ የቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር በር ላይ ቀረ፣ እኔ ገባሁ። ብንጋባ እንደምወድ ለእሱም፣ ለቤተሰቤም አልተናገርኩም፤ በዚያ በር ማን ማንን ይከተላል? አሁን ኮንጋ የገጠር ትምህርት ቤት አስተማሪ ነው፣ የልጆች አባት።

«አክስቴ፣ ፀጉሬን ላበጥርበት እንጂ» አለ ልጁ።

መዳፌን አነሣሁ። መስታወቱ ውስጥ መጀመሪያ የመጣው አፍንጫዬ ነው። ሳቄ መጣ።