የጠቆረው ጣሪያ

አባቴ አናጢ ነው፤ ጥላውን እንኳ ስለማያምን ሰፈሩ «ጋሽ ጠርጥር» ይለዋል። ስታቲስቲክስ ቢሮ የምትሠራው እህቴ አንድ ቀን፣ «አባዬ፣ አሁን የአገር እድገት የሚገመተው በሳተላይት ነው፤ ከሰማይ ሲታይ የሚያብረቀርቅ ቆርቆሮ ከበዛ አደጉ ይባላል» አለችው።

«ዛሬ ጣሪያ ያየ ነገ ጓዳ ይገባል!» ብሎ ተነሳ። እንጨት ምስጥ እንዳይበላው በሚቀባው የተቃጠለ ዘይት አዲሱን ጣሪያችንን አጠቆረው። መሰላሉን የያዝኩት እኔ ነኝ፤ ዘይቱ የተንጠባጠበውም በእኔው አናት ላይ! ጎረቤቱ ሁሉ «ጋሽ ጠርጥር የሰማው ነገር ቢኖር ነው» እያለ የየራሱን ጣሪያ አጠቆረ።

በዓመቱ እህቴ ተጨንቃ መጣች። «ሳተላይቱ የዚህ ሰፈር ሰው ደኸየ ይላል። አለቃዬ፣ ቤት ለቤት ገብተሽ አጣሪ ብሎ ላከኝ።»

አባቴ ወደ እኛ ዞረ። «አላልኳችሁም? ይኸው ጓዳ ገቡ፤ ያውም በገዛ ልጄ!»