የጉልናሃር አፓ አሥራ ሦስተኛዋ ምት

ጉልናሃር ቤገም ቺታጎንግ ውስጥ በአንድ የሴቶች ትምህርት ቤት ሠላሳ አራት ዓመት ሒሳብ አስተምረዋል። ተማሪዎቻቸው «አፓ»፣ ማለትም ታላቅ እህት፣ ይሏቸው ነበር፤ ጡረታ ከወጡም በኋላ ሰፈሩ በሙሉ፣ በዕድሜ የሚበልጧቸው ሽማግሌዎች ሳይቀሩ፣ በዚሁ ጠሯቸው።

ባላቸው ሲሞቱ ከቤታቸው ሥር ያለው የሩዝ መጋዘን ባዶ ቀረ። እኛ ደግሞ አራት ሆነን ባንድ ነበረን፤ እኔ ቤዝ ጊታር እጫወታለሁ። የመጀመሪያ አልበማችንን የምንቀዳበት ክፍል ስንፈልግ ሰባት አከራዮች መልሰውናል። ስለዚህ ጊታሪስታችን ታንዚም ረጅም ፀጉሩን ኮፍያ ውስጥ ጠቅጥቆ፣ ኤሌክትሪክ የማይነካውን የእንጨት ጊታር ብቻ ይዞ አፓ ዘንድ ሄደና የአንደኛውን ዘፈን መግቢያ ተጫወተላቸው። አፓ ዓይናቸውን ጨፍነው አዳመጡ። ለደም ግፊቴም ይስማማኛል ብለው የስድስት ወር ውል ፈረሙለት።

በማግስቱ ከበሮው፣ ድምፅ ማጉያዎቹና የኤሌክትሪክ ጊታሮቹ ገቡ። ዘፈኑን ከዳር እስከ ዳር ስንጫወተው ፎቅ ላይ ያለው የብርጭቆ ቁም ሣጥን ከግድግዳው ተላቅቆ መራመድ ጀመረ። አፓ ጃንጥላቸውን እንደ ዱላ ጨብጠው ወረዱ።

«ያ ዘፈን የት ሄደ?»

«እሱው ነው፣ አፓ» አለ ታንዚም። «ያን ቀን የሰሙት መግቢያውን ነው።»

«ታዲያ ከመግቢያው በኋላ ምን ደረሰባችሁ?»

ታንዚም አልበሙ የወንዝ ታሪክ መሆኑን አስረዳቸው። ለስላሳው ዜማ በጋ ነው፣ ጩኸታሙ ሄቪ ሜታል ደግሞ የክረምቱ ጎርፍ ነው። አፓ ጎርፉ ስንት ጊዜ እንደሚመጣ ጠየቁ። ስምንት ጊዜ አልን። ሊያስወጡን ፈለጉ፤ ግን የፈረሙትን ማፍረስ አይሆንላቸውም። ከዘጠኝ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ብቻ እንድንጫወት ፈቅደው ወደ ላይ ወጡ።

በሦስተኛው ሳምንት፣ አፓ ከፎቅ ሽንኩርት የሚያስመጡበት ቅርጫት በገመድ ተንጠልጥሎ መስኮታችን ላይ ቆመ። ውስጡ ብጣሽ ወረቀት ነበረበት። «ሦስት ጊዜ አሥራ ሦስት፣ አራተኛው ላይ አሥራ ሁለት። አንዷ የት ገባች?»

ከበሮ መቺያችን ሩባያት ተቆጣ። አንዲት ጡረተኛ ስለ ሜታል ምን ያውቃሉ አለ። ቅጂውን ከፍተን ሁላችንም ምቱን በጣታችን ቆጠርን። ለታንዚም አሥራ አንድ፣ ለዘፋኛችን አሥራ አራት መጣለት፤ እኔ መሀል ላይ ጠፋብኝ። በመጨረሻ ፍጥነቱን ቀንሰን ስናጫውተው አፓ ልክ ነበሩ። ከለስላሳው ወደ ከባዱ መሻገሪያ ላይ ሩባያት አሥራ ሦስተኛዋን ምት ይውጣታል።

ይቅርታ ልንጠይቅ ብንወጣ እሳቸው ከእኛ ብሰው ተናደው አገኘናቸው። መስማት አልፈልግም ነበር፣ ጭንቅላቴ ግን በራሱ ይቆጥራል አሉ። አንድ ቀን ሰላት ላይ ሆነው መቁጠራቸውን አስተውለው እንደገና ለመስገድ ተገደዋል። ከዚያን ቀን ጀምሮ ጆሯቸው ውስጥ ጥጥ ወትፈው፣ ጠመኔ ይዘው ይወርዱ ጀመር። ግድግዳችን ላይ አሥራ ሦስት መስመር አሰመሩ።

«ለምንድን ነው የምትቸኩለው?» አሉት ሩባያትን።

የሃያ ሰባት ዓመቱ የባንክ ሠራተኛ እንደ ተማሪ ብድግ ብሎ ቆመ። «ከባዱ ሲመጣ ስሜቱ ይወስደኛል፣ አፓ።»

«ይምጣ እንጂ። እንግዳ መጣ ሲሉህ በመስኮት ትዘላለህ?»

በቀረጻው ቀን አፓ ከኋላው ቆሙ። መሻገሪያው ሲደርስ ጉንፋን በያዘው ድምፃቸው «አሥራ አንድ፣ አሥራ ሁለት፣ ተው ቆይ፣ አሥራ ሦስት» አሉ፤ ሩባያትም በሕይወቱ እንደዚያ መትቶ አያውቅም። የከበሮው ማይክ ግን እሳቸውንም ቀድቷቸዋል። ያለ እሳቸው አሥራ አራት ጊዜ ሞከርን፤ አንዱም አልደረሰበትም። እየፈራን አሰማናቸው። ሰምተው ጨረሱና ድምፄ ሻክሯል፣ በሞቀ ውኃ ተጉመጥሙጬ ልድገመው አሉ። ደገሙት፤ እንደ ፈተና ተቆጣጣሪ ድምፅ ሆነባቸው። የሻከረው አልበሙ ላይ ቀረ።

አልበሙ በወጣ በአራተኛው ወር አንድ አዳራሽ ውስጥ አቀረብነው። አፓ የተተኮሰ ነጭ ሳሪ ለብሰው ፊት ተቀመጡ። አጠገባቸው የተቀመጠው ልጅ ክንዱ ላይ የራስ ቅል ተነቅሶበታል፤ ቦርሳቸውን እንዲይዝላቸው ሰጡት። መሻገሪያው ሲደርስ ጥቁር ካናቴራ የለበሱ ስድስት መቶ ወጣቶች «ተው ቆይ»ን ሳይረሱ አብረው ቆጠሩ። አፓ ብድግ ብለው ወደ ሕዝቡ ዞሩ። ፊታቸው አልታየኝም።

ስንመለስ ባለሦስት እግሩ ሪክሾ ላይ አጠገባቸው ነበርኩ። የሳሪያቸውን ጫፍ ዓይናቸው ላይ ያደርጉ ነበርና ጆሮዎን አመመዎት ወይ አልኳቸው።

«ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ» አሉ፣ «ሳላስገድደው የቆጠረልኝ ክፍል አልነበረም።»

ገበያው ጋ ስንደርስ ጥጡን ከጆሯቸው አወጡና ሳንቲምና ቁልፍ በሚይዙበት መሀረብ ቋጠሩት።

«በግራ በኩል የተቀመጡት ልጆች ግን ቸኩለዋል» አሉኝ።