ባሕር የተሻገረው የዘር ምስር

ትናንት መካነ ኢየሱስ ከተማ ካለ አንድ ሱቅ ምስር ልገዛ ገብቼ፣ ባለሱቁ የፈታው ጆንያ ላይ የባሕር ማዶ አገር ስም ባነብ ደሜ ፈላ። ምስር ሲዘራበት በኖረው የእስቴ መሬት ላይ ቆሜ በመርከብ የመጣ ምስር ልገዛ! ባለሱቁ “መምህርት፣ ይኼ እኮ ቶሎ ይበስላል” ሲለኝ ምን አጠፋ፤ እኔ ግን አፈጠጥኩበት።

እኛ ቤት የሚበላው ምስር ጠጠሩ ከወጣለት ይበቃዋል። የዘሩን ግን እናቴ ደጃፍ ተቀምጣ፣ ሰፌዱን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ የተጨማደደውንና ነቀዝ የነካውን እየለየች አንድ በአንድ ትለቅመውና፣ ከአመድ ጋር ቅል ውስጥ ከትታ አፉን በጭቃ ትመርገው ነበር። እኔም ላግዝሽ ብዬ ደህና ደህናውን ስቆረጥም እጄን ትመታኛለች።

ስድስተኛ ክፍል ሳለሁ አንድ ነጋዴ መጣና፣ ለውጭ ገበያ የሚሆን እንከን የሌለው ምስር ብቻ በተሻለ ዋጋ እገዛለሁ አለ። እንከን የሌለው ምስር ደግሞ የዘሩ ብቻ ነበር። እናቴ “ዘርማ አይሸጥም!” ብላ ቅሏን አቀፈች። እኔ ግን አገራችን ቡና፣ ቆዳና ጥራጥሬ ልካ መኪናና መድኃኒት እንደምታመጣ ሸምድጄ የምለፈልፍ ጎበዝ ተማሪ ነበርኩና፣ ምስራችን ባሕር ሊሻገር ነው ብዬ አባቴን ወተወትኩት። እሱ እሺ ሲለኝ በየጎረቤቱ እየዞርኩ ያንኑ ሰበክሁ። የሰፈሩ ቅል ሁሉ ተከፈተ። በዓመቱ የተዘራው ግርዱ ነበርና ቀጭጮ በቀለ፤ ከርሞም አልተሻለው፤ ሰዉም ተስፋ ቆርጦ ማሳውን ለስንዴ አዋለው።

አገር ከአገር ቢገበያይ አልጠላም። የሚያንገበግበኝ ምርጡን ሰጥቶ፣ ለራስ ግርዱን ዘርቶ፣ ኋላ በውድ መልሶ መግዛትን ንግድ ብሎ ማስተማር ነው። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች ማለት ይኼ ነው። እናቴ ያንን ዘር አንድ እፍኝ እንደተመኘች ሞተች።

ምስሩን ሳልገዛ ወጣሁና፣ ምናልባት አንድ ቅል የሸሸገ ሰው ቢገኝ ብዬ በዚያው ንዴቴ ወደ ቀዬአችን ወረድኩ። ከድሮ ጎረቤቶቻችን በሕይወት ያሉትን እትየ ጥሩን “ትንሽ የዘር ምስር ካለዎት” ብላቸው ትክ ብለው አዩኝ።

“ከየት ይምጣ ልጄ? መርከቡ ይጠብቃል ብለሽ ቅላችንን ያስከፈትሽን አንች አይደለሽም?”

ሳይቆጡ፣ እየሳቁ ነው ያሉኝ። ቀኑን ሙሉ እኔ የተቆጣሁትን ያህል ምነው እሳቸውም በተቆጡኝ።