ዱካክ የተጫነኝ መኸር

ከምሰሷችን ጀርባ ካለው ችካል ላይ አንዲት ትንሽ እንስራ ተንጠልጥላለች። ውሃ ተቀድቶባት አያውቅም። አንድ ጆሮዋ ተሸርፏል፣ ሆዷ ውስጥ አምስት ጠጠር አለ። እንግዳ ሲጠይቀኝ የልጅ መጫወቻ ናት እላለሁ፤ ቤት ሲጠረግ ግን ከእኔ በቀር የሚነካት የለም። ሰሞኑን በልጄ በውዴ ምክንያት ከችካሏ አወረድኳት፤ እሷን ሳወርድ ሌላም ነገር አብሮ ወረደብኝ።

ውዴን በማክልበት ዕድሜ ቤታችን ከደብረ ታቦር ወረድ ብሎ፣ ጋፋትን በሚያሳየው ተረተር ላይ ነበር። የእኔ እኩዮች የጋፋትን መዶሻ አትረሱትም። ንጉሡ አንጥረኛውን ሁሉ እዚያ ሰብስበው መድፍ ያሠሩ ነበርና ከጠዋት እስከ ማታ ብረት ይቀጠቀጣል። ነፋሱ ወደኛ በመጣ ቀን የከሰሉ ሽታ ከእርጥብ ገብስ ሽታ ጋር ይደባለቃል። እኛ ሴቶቹ ልጆች ቅልብልቦሽ ስንጫወት ጠጠሯን ወደ ላይ የምንወረውራት በመዶሻው ምት ነበር፤ ምቱ ያመለጣት ተሸነፈች። ያ ድምፅ የሚያስፈራ ነገር ይሠራበታል ብለን አንድ ቀን አስበን አናውቅም።

መኸር ሲደርስ የእኔ ሥራ ገብስ መጠበቅ ነው። አባቴ ከማሳው መካከል በአራት እንጨት ማማ ሠርተው፣ ሣር ጎዝጉዘውበት፣ ወንጭፌን አስይዘውኝ ይሄዳሉ። ጠዋት ወፍ ነው፤ ከቀትር በኋላ ደግሞ ከገደሉ የሚወጣው ዝንጀሮ። ያን ዓመት ዝናቡ ቶሎ ተነሥቶ ጤፉ ሳይዝ ቀርቶ ነበርና የቤቱ ሰው ሁሉ ዓይን በዚያች በአንዲት የገብስ ማሳ ላይ ነበር። እናቴ እኔን ስትሸኝ «አደራ» የምትለኝ ለእኔ ይሁን ለገብሱ አይታወቅም ነበር።

አንድ ቀን ቆሎዬን ቆርጥሜ፣ ፀሐዩ ሲበረታብኝ ሣሩ ላይ ጋደም አልኩ። መተኛቴን አላወቅኩም። ዓይኔን ስገልጥ ሁሉም በቦታው አለ፤ ሰማዩ አለ፣ የማማው ጠርዝ አለ፣ መዶሻው ይሰማል። እኔ ብቻ የለሁም። እጄን ልሰበስብ ብል እጄ አልሰማኝም። እግሬ የሌላ ሰው ሆነ። ደረቴ ላይ የወፍጮ ድንጋይ የሚያህል ነገር ተቀምጧል፣ ከራስጌዬ በኩል ደግሞ የሚተነፍስ አለ። ዞሬ እንዳየው የሚዞር አንገት የለኝም። ዝንጀሮዎቹ የወጡት ያን ጊዜ ነው። ከፊት የነበረው ትልቁ መጀመሪያ ማማውን አየ፣ ቀጥሎ እኔን አየ፣ ከዚያ ተደላድሎ ተቀመጠና ዛላውን ይሸመጥጥ ጀመር። እኔ ኡኡ እያልኩ ነበር። ከአፌ ግን ምንም አልወጣም።

አባቴ ሲደርሱ የማሳው ወገብ ተላጭቷል። «ተኝተሽ ነው?» አሉኝ። «ኧረ ነቅቼ ነበር አባባ» አልኳቸው፤ ያ ባሰባቸው። «ነቅተሽማ ነው እያየሽ ያስበላሽው?» ብለው ገረፉኝ። ግርፋቱ ያን ቀን አለፈ። እውነት ተናግሬ ውሸታም መባሌ ግን አላለፈም።

ከዚያ ወዲያ ተመላለሰብኝ። እንቅልፍ ሳይወስደኝ ለመዋል ሹሩባዬን ከማማው እንጨት ጋር እስከ ማሰር ደርሼ ነበር። ምግብ እምቢ አለኝ፣ ከሳሁ። እናቴ ስታበላኝ እጇን ገታ እያደረገች ፊቴን ታይ ነበር። አክስቴ ግን አፍ አውጥታ «ይቺ ልጅ ተበልታለች፤ ብነግራችሁ አልሰማ አላችሁ እንጂ» አለች። ተበላች ማለት ቡዳ በዓይኑ ገባባት ማለት ነው። ማን በላት ለማለት ደግሞ ሰው ሩቅ አይሄድም።

ከማሳችን ግርጌ፣ ወንዙ ዳር፣ ለሸክላ የሚሆን አፈር ይቆፈር ነበር። ትርንጎ የምትባል ሸክላ ሠሪ በየጊዜው እየመጣች አፈሩን በእንቅብ ትወስዳለች። ባሏ ጋፋት ብረት ይቀጠቅጣል። እናቴን የምታህል ሴት ናት፤ አንቱ የሚላት ግን አልነበረም። ድስቷን እንገዛለን፣ በድስቷ ወጥ ሠርተን እንበላለን፤ እሷን በመንገድ ስናገኛት ደግሞ ፊታችንን በነጠላ እንሸፍናለን። ልጆች እንኳ ከሩቅ «ቡዳ!» ብለናት እንሮጣለን። እኔም ብያለሁ።

አንድ ከሰዓት እንዲሁ ደርቄ ሳለሁ ከማማው ሥር ኮቴ ሰማሁ። ያ ራስጌዬ የሚተነፍሰው መስሎኝ ነፍሴ ልትወጣ ደረሰች። ከዚያ እንቅብ መሬት ሲቀመጥ ተሰማኝ፤ ትርንጎ ናት። እንባዬ በጆሮ ግንዴ ሲወርድ አየች። አልነካችኝም። ብትነካኝ ምን እንደሚባል ታውቃለች። እዚያው ከታች ቆማ፣ የምታስቸግር ላም እንደምታባብል ሰው ቀስ ብላ ታናግረኝ ጀመር።

«እንደምትሰሚኝ አውቃለሁ የኔ ልጅ። ለመነሣት አትታገዪ፤ በታገልሽው ቁጥር ይከብድሻል። የእግርሽ አውራ ጣት አለች አይደል? እሷን ብቻ ለምኛት። ሌላውን ተዪው።»

ጣቴን ለመንኳት። እንዴት እንደሚለመን አላውቅም፣ ግን ለመንኳት። ንቅንቅ ስትል ያ ሁሉ ክብደት እንደ ወፍ መንጋ ከላዬ ብር ብሎ ተነሣ። ተቀምጬ ቁና ቁና ተነፈስኩ።

«ምንድን ነው እሱ?» አልኳት፤ ከእሷ ጋር ስነጋገር የመጀመሪያዬ ነው።

«ዱካክ ነው። እኔንም ልጅ ሳለሁ እየመጣ ይጫነኝ ነበር። ይቀመጣል እንጂ አይበላም።» ከዚያ እንቅቧን አነሣችና ፈገግ አለች። «እንደ ሰነፍ እንግዳ ነው፤ ካላስተናገድሽው ሰልችቶት ይሄዳል።»

በሳምንቱ ከማማው እግር ሥር አንዲት ትንሽ እንስራ አስቀምጣልኝ ሄደች፤ ሴት ልጅ ውሃ መሸከም ስትለማመድ የምትሰጣት ዓይነት። በሌላ ቀን ስታልፍ ከመንገዱ ሳትወጣ ሥራዋን ነገረችኝ። ጠጠር እጨምርባታለሁ፣ ከማማው አንጠለጥላታለሁ፣ ክሯን ከአውራ ጣቴ አስራለሁ። ጣቴ ስትነቃነቅ እንስራዋ ትንኳኳለች። «ዱካኩም ይደነግጣል፣ ዝንጀሮውም ይደነግጣል» አለችኝ። የቅልብልቦሽ ጠጠሮቼን አምስቱንም ጨመርኩባት። እውነትም ያ ትልቁ ዝንጀሮ ሁለት ጊዜ መጥቶ ሁለት ጊዜ ሸሸ። አባቴ «አሁን ገና ጠባቂ ሆንሽ» አሉኝ። ስለ እንስራዋ ግን ትንፍሽ አላልኩም። ከትርንጎ እጅ ተቀበልኩ የምልበት አፍ ከየት ይምጣ? ሣሩ ውስጥ እየደበቅኳት ወደ ቤት እገባለሁ። ሁሉ የመጣው ከዚያ መደበቅ ነው።

አንድ እሑድ ማኅበርተኛው ቤታችን ተሰብስቦ ጠላ ይጠጣል። እኔ ከጓዳ በር አጠገብ መደቡ ላይ ጋደም ብዬ ነበር፤ እንስራዬ ማሳው ላይ ናት። ሰዎቹ ሲያወሩ እየሰማሁ መጣብኝ። አክስቴ አየችኝ። «ኧረ እዩአት! ዓይኗ ተገልጦ አትናገርም!» ብላ ስትጮህ ቤቱ ተገለበጠ። ከማኅበርተኞቹ መካከል መድኃኒት ያውቃል የሚባል ሰው ነበር። ጤና አዳምና ነጭ ሽንኩርት አስወቅጦ አፍንጫዬ ውስጥ ጨመረ፣ በገል ፍም አስመጥቶ አጨሰብኝ። ከዚያ ጥያቄው ተጀመረ። «ማን ነሽ? ከየት መጣሽ? ስምሽን ተናገሪ!» የሚጠይቁት እኔን አይደለም፤ በላችኝ የሚሏትን ነው። እናቴ እግሬን ይዛ «ተናገሪ፣ ልጄን ልቀቂልኝ» እያለች ታለቅሳለች። ጣቴን ልለምን ብል እናቴ ጣቴን ጨብጣዋለች። ጭሱ ዓይኔን አቃጠለኝ። ምላሴ ከሌላው አካላቴ ቀድማ ተፈታችና «ትርንጎ» አልኩ።

ትርንጎን ጥሩልኝ፣ ማስነሣቱን የምታውቅ እሷ ናት ማለቴ ነበር። ለራሴ ሁልጊዜ የምነግረው ይህን ነው። ነገር ግን በእንዲህ ያለ ሰዓት ከታመመ ሰው አፍ የወጣ ስም የበላተኛው ስም መሆኑን በአገራችን የማያውቅ ልጅ የለም። እኔም አውቅ ነበር። ጭሱም ስሙን እንደጠራሁ ቆሟል።

ወንዶቹ ሄደው አመጧት። እስከ ክርኗ ድረስ እርጥብ ጭቃ ነበረባት፤ ሥራ ላይ ነው ያገኟት። «ተሻገሪያት! እንትፍ በይባት! ልቀቂያት!» አሏት። በላች የተባለች ሴት እንዲህ ካላደረገች በሽተኛው አይነሣም ይባላል። ትርንጎ አየችኝ። እንስራ ሰጥቻታለሁ ትላለች ብዬ ጠበቅኩ፤ አላለችም። ብትልስ የባሰ ማስረጃ ይሆንባት ነበር። በላዬ ተሻገረች፣ ጎንበስ አለች፣ እንትፍ እንትፍ አለችና በዚያው ትንፋሽ፣ ከእኔ በቀር ማንም በማይሰማው ድምፅ «አውራ ጣትሽን» አለችኝ። እናቴ እግሬን ለቃው ነበር። ጣቴን ለመንኳት። ተነሣሁ።

ቤቱ እልል አለ። «አያችሁ! ለቀቀቻት!» አሉ። ያስነሣችኝ እሷ ናት፤ የተፈረደባትም ስላስነሣችኝ ነው።

በሦስተኛው ቀን ከነባሏ፣ ከነልጆቿ ሄደች። የት እንደገቡ የሚያውቅ አላገኘሁም። የቤታቸውን ጣሪያ ጎረቤቱ ለማገዶ ተከፋፈለው። ከጋፋት መዶሻዎች የባሏ የትኛው እንደሆነ ለይቼ አላውቅም ነበር፤ ከዚያ ወዲያ ግን አንድ የጎደለ ይመስለኝ ጀመር። ቅልብልቦሽም ተውኩ፤ ጠጠሮቼ እንስራዋ ውስጥ ናቸው፣ እጄን ከትቼ ማውጣት አልቻልኩም። ዱካኩ ደግሞ እስክዳር ድረስ አልተወኝም። ቀድሞ ራስጌዬ የሚተነፍሰው መልክ አልነበረውም። ከዚያ በኋላ ግን እስከ ክርኑ ጭቃ የነካው ክንድ ነበረው።

ይህን ሁሉ ቀብሬ ልጅ ወልጄ አሳድጌ ነበር። ባለፈው ሳምንት ውዴ ከቀትር በኋላ መደቡ ላይ ተኝታ ሳልፍ ዓይኗ ተገልጦ አየሁት። አትናገርም። እንባዋ በጆሮ ግንዷ ይወርዳል። አልዋሽም፣ በመጀመሪያ የመጣልኝ ሐሳብ ማን በላት የሚል ነው። ከወንዙ ማዶ ቆዳ የምታለፋ ብቸኛ ባልቴት አለች፤ የእሷ መልክ በዓይኔ ላይ ዞረ። ያን ባሰብኩ ጊዜ ከዱካኩ ይልቅ ራሴን ፈራሁ። እንስራዋን ያወረድኳት ያኔ ነው።

የባሌ ታላቅ እህት እትዬ ብርቄ ወሬውን ሰምተው ትናንት ነጭ ሽንኩርታቸውን በነጠላ ጫፍ ቋጥረው መጡ። ውዴ ክሩ ጣቷ ላይ ታስሮ ተኝታ ነበር፤ እሳቸው ሲገቡ ዓይኗ ተገልጦ ደርቃለች።

«አንቺ ሴትዮ፣ ልጅሽ እየሞተች ሸክላ ታጫውቻታለሽ? ፍም አምጪ። ስሙን እናስለፍልፋትና ይለይልን።»

«አይጠየቅም እትዬ» አልኳቸው።

«ምነው፣ አንቺስ ብትሆኚ ስም ባትጠሪ ኖሮ ዛሬ ትቆሚ ነበር? አገር ያወቀውን!»

መደቡ ላይ በልጄና በእሳቸው መካከል ተቀመጥኩ። «የኔ ልጅ፣ አትታገዪ። አውራ ጣትሽን ብቻ ለምኛት» አልኩ። ቆየ። በጣም ቆየ። ይህ ዱካክ ባይሆንስ? ልጄን በግትርነቴ ብገድላትስ? እጄ ፍሙን ሊያመጣ ተነሥቶ ነበር፤ እውነቴን ነው። ያን ጊዜ አምስቱ ጠጠሮች ተንኳኩ።

ውዴ ተነሥታ ቁና ቁና ተነፈሰች። አንገቴ ላይ ተጠምጥማ «እማ፣ ይህን ማን አስተማረሽ?» አለችኝ።

ከዚያች እሑድ ጀምሮ ያ ስም ከአፌ ወጥቶ አያውቅም። «እማማ ትርንጎ ይባሉ ነበር» አልኳት። «እኔን አልበሉኝም። ያስነሡኝ እሳቸው ናቸው።»

እትዬ ብርቄ ነጠላቸውን ሰብስበው ተነሡ። «ቡዳዋ? ደግሞ ዛሬ አንቱ ሆነችልሽ?» ብለው እየተራገሙ ወጡ። ነገ ሰው ሰብስበው ይመለሱ አይመለሱ አላውቅም። እፈራለሁ።

ጋፋት ዛሬ ዝም ብሏል፤ መዶሻ የለም፣ በሬ ያርስበታል። ያኔ ቤት ሙሉ ሰው አፌን ከቦ ስም ይጠብቅ ነበር። አሁን እኔ ከሰዓት ከሰዓት ከልጄ እግር ሥር ቁጭ ብዬ ጠጠር እጠብቃለሁ። ጠዋት የቤቴን በር ስከፍት ደግሞ አስቀድሜ የማየው ከወንዙ ማዶ ነው፤ የባልቴቷ ጭስ ወጥቶ፣ ማንም ሳይነካት አድራ እንደሆነ።

ዛሬ ወጥቷል።