ቁርሷን ሳትጨርስ የማትሳፈር ሴት

አባይነሽ ሻንቶ መናኸሪያ በር ላይ ቦዬ የሚሉትን ሥራ ሥር ቀቅላ ስትሸጥ ብዙ መንገደኛ ተላምዳለች፤ የዚህችን ሴት ስም ግን ጠይቃ አታውቅም።

ቀደም ሲል ሴትዮዋ ማለዳ እየሮጠች መጥታ፣ ሶዶ ወዳለው ቢሮዋ በሁለት ተኩል ለመግባት ተጋፍታ ትሳፈር ነበር። አንድ ቀን የስኳር መርፌዋን ተወግታ እህል ሳትቀምስ በመውጣቷ ሚኒባሱ በር ላይ ተዝለፍልፋ ወደቀች። ስኳር በጥብጣ ያጠጣቻት አባይነሽ ናት።

ከዚያ ወዲህ ቢሮው አንድ ሰዓት ዘግይታ እንድትገባ፣ አመሻሽ ላይም አንድ ሰዓት ዘግይታ እንድትወጣ ፈቀደላት። አሁን ረጋ ብላ ትመጣለች። አግዳሚው ላይ ተቀምጣ፣ በጥቁር ነጠላዋ ተከልላ መርፌዋን ትወጋና ሁለት ቁራጭ ቦዬ ትበላለች።

"ቤትሽ አትበዪም፣ እህቴ?" ብላት ነበር አባይነሽ።

"ለአንድ ሰው ብሎ ማን እሳት ያነድዳል?"

ዛሬ ሹፌሩ፣ "እመቤቴ፣ ቢሮው ወደ ሻንቶ ይምጣልሽ እንዴ?" እያለ ሲያሾፍባት ስልኳ ጮኸ። አለቃዋ ነበር። ፈቃዱ ቀርቷል፣ ከነገ ጀምሮ እንደ ሰው ሁሉ በሁለት ተኩል ግቢ ሲላት አባይነሽ ድረስ ይሰማል።

"ጌታዬ፣ በዚህ ሰዓት መግባት ከጀመርኩ ሦስት ወር ሆነኝ። አንድ ቀን ታምሜ አልቀረሁም፤ አንድ ፋይል እጄ ላይ አላደረም።"

"እሱን አሁኑኑ መጥተሽ አስረጂኝ!"

"እመጣለሁ" አለች፣ ሁለተኛውን ቁራጭ እየላጠች። "ሦስት ተኩል ላይ።"